የምጽአት መልክዓ ምድር በሠዓሊ ዓይን

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ የደጋው ጉም ያልቅና የሸዋ ሮቢት ሙቀት ይቀበለዋል። በስተግራው የመንዝ ገደል ቆሟል፤ በስተቀኙ የይፋት ቆላ እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቷል። ሠዓሊ የዓለምን ፍጻሜ ልሣል ቢል ከዚህ የተሻለ ስፍራ የሚያገኝ አይመስልም።

የምጽአት መልክዓ ምድር በአውሮፓ የታወቀ የሥዕል ዘርፍ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ማርቲን እ.ኤ.አ. ከ1851 እስከ 1853 በሣላቸው ሦስት ግዙፍ ሸራዎች ይጠቀሳል። በአንደኛው ተራራው ተገልብጦ ወደ ጥልቁ ሲወድቅ፣ ሰዎች እንደ ጉንዳን አንሰው ይታያሉ። ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1854 ከሞተ በኋላ ሥዕሎቹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ለሕዝብ ታይተዋል። አስፈሪነታቸው የሚመነጨው ከመጠን ነው፤ መሬቱ ይገዝፋል፣ ሰው ይኮሰምናል።

የእኛ አገር ትውፊት ከዚህ ይለያል። ስለ ምጽአት ማሰብ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። በዐቢይ ጾም የደብረ ዘይት እሁድ ይነገራል፣ «ስምንተኛው ሺ» ደግሞ የገበያ ወሬ ጭምር ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን ፍርዱን የሚናገሩት ሰዎችና መላእክት ናቸው። ተራራና ሜዳ ቢሣል እንኳ ቦታ ለማመልከት ያህል ነው።

ሁለቱን መንገዶች ለማገናኘት ከሞከሩት አንዱ የዚያው የይፋት ሸንተረር ልጅ ናቸው፤ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ። የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርእያቸውን በአዲስ አበባ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1954 ነበር። በአዲግራት ካቴድራል «የመጨረሻው ፍርድ»ን ሠርተዋል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ወደ ምጽአት ሥዕል ይበልጥ የቀረቡት በአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች ላይ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

የይፋት ሰው ምድር ስትናወጥ ለማየት ሸራ አላስፈለገውም። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ ግንቦት 24 ቀን በረታ፤ የማጀቴ ከተማም ፈረሰች። ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ የስምጥ ሸለቆው ዳርቻ መሬቱ ቀስ በቀስ የሚለያይበት ስፍራ በመሆኑ፣ ለዓመታት የተጠራቀመው ውጥረት ድንገት ይለቀቃል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ደግሞ አጣዬ በሰው እጅ ተቃጥላ አብዛኛው ክፍሏ አመድ ሆነ። ሁለቱ በአንድ ዓይን የሚታዩ አይደሉም። ለመጀመሪያው ተጠያቂ የለም፣ ለሁለተኛው አለ። የምጽአትን ሥዕል የሚሞክር የዛሬ ሠዓሊም ይህን ልዩነት ማደብዘዝ የለበትም። ፍርስራሹን የተፈጥሮ ቁጣ አስመስሎ መሣል ለዓይን ያምር ይሆናል፣ ያቃጠለውን ግን ይሰውረዋል። (የፊልም ፖስተር የመሰለ ቀይ ሰማይ ከማብዛትም ቢቆጠብ ደግ ነው።)

አፈወርቅ ይህን ያወቁበት ይመስላል። በዚያው ማጀቴ በፈረሰችበት 1953 ዓ.ም. የተጠናቀቁት የአፍሪካ አዳራሽ ሦስት ባለቀለም መስኮቶች በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ዘንዶና አጽም አለባቸው፤ የራእየ ዮሐንስ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። ዘንዶው ግን ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ሳይሆን ቅኝ አገዛዝ ነው። አፈወርቅ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. አረፉ፤ አዳራሹም ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና ተከፍቷል።