ከየካ እስከ ባቲ፦ በኪራይ መኪና የሚደረግ የሙዚቃ ጉዞ ወጪና ገቢ

ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በቦታ ስም የሚጠሩ ናቸው። ሁለቱም ቦታዎች ወሎ ውስጥ ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደግሞ የካ ክፍለ ከተማን አቋርጦ ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ ይወጣል፤ ከዚያም በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበር ዋሻና በኮምቦልቻ በኩል ደሴ ይገባል። ስለዚህ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ከምንጩ ለመስማት መኪና የሚከራይ የውጭ እንግዳም ሆነ ለዕረፍት አገሩ የገባ የዳያስፖራ ቤተሰብ፣ ጉዞውን ከየካ ቢጀምር መንገዱ ቀና ነው።

ፈላጊው አዲስ አይደለም። በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ፈረንሳይ ውስጥ መታተም የጀመረው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን የአዲስ አበባ ሙዚቃ ለዓለም አሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» የተሰኘ ፊልም ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄን ስም አዳዲስ አድማጮች ዘንድ አድርሷል። የጎደለው ይህን ፍቅር ወደ ገቢ የሚለውጥ የጉዞ አደረጃጀት ነው።

ከወጪዎቹ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው መኪናው ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚገነጠለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ አምባሰል ወረዳ ውስጥ እስካለችው ውጫሌ ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልሱ ሲደመር ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚጠጣ መኪና ቢወሰድ 120 ሊትር ነዳጅ ይፈልጋል ማለት ነው። ነዳጁ በአብዛኛው የሚሸፈነው በተከራዩ ሲሆን፣ የቀን ኪራይ፣ የሾፌር አበልና የመኝታ ወጪም ይጨመርበታል። ኪራይ፣ ነዳጅና አበል ተሳፋሪው አንድም ሆነ አራት ብዙም አይለወጡም፤ ለብቻ የሚሄድ ሰው የአራት ሰው ወጪ ይሸከማል። የሙዚቃ ጉዞ በቡድን ሲሆን የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ውል ከመፈረሙ በፊት የሰሌዳውን ዓይነት ማየት ግድ ነው። በተለመደው አሠራር ለኪራይ የሚውል መኪና የንግድ ሰሌዳ፣ ማለትም ኮድ 3፣ ይይዛል። የቤት መኪና በዝቅተኛ ዋጋ ተከራይቶ አደጋ ቢደርስ፣ መኪናው ከተመዘገበበት አገልግሎት ውጭ ስለዋለ የመድን ካሳው ሊያከራክር ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ለተጎዳ ሌላ ሰው እንጂ ለመኪናው ጥገና አይከፍልም። በቀን ጥቂት መቶ ብር ለማትረፍ ሲባል ይህን አደጋ መሸከም አያዋጣም።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የእንግዳው ዶላር ብዙ ብር ይገዛል፤ ነገር ግን መኪናው፣ ጎማው፣ መለዋወጫውና ነዳጁ ከውጭ የሚገቡ ስለሆኑ የጉዞው ዋጋ አብሮ ይወጣል። ሙዚቀኛው ግን ተመን የለውም። ማሲንቆው ከውጭ አይገባም፤ የሚከፈለውም እንደ እንግዳው ቸርነት ነው። የምንዛሪው ለውጥ ጥቅም ለነዳጅና ለጎማ ሲዳረስ፣ ጉዞው የተደረገለት ሰው ዘንድ የሚደርሰው እጅግ ጥቂቱ ነው።

አዝማሪ ቤት ውስጥ ይህ በዓይን ይታያል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ያቀብላል፤ አዝማሪው ቃሉን ሳይጥል በማሲንቆው እያጀበ ይመልሳል፤ ቤቱ ሲስቅና ሲያጨበጭብ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ሽልማቱ ያማረ ባህል ነው፣ መቅረትም የለበትም። ነገር ግን የቤተሰብ መተዳደሪያ በሽልማት ብቻ አይታቀድም። ጉዞ አዘጋጆች ለሾፌሩ የቀን አበል እንደሚቆርጡ ሁሉ ለሙዚቀኛውም አስቀድሞ የታወቀ ክፍያ ሊቆርጡ ይገባል።

የጉዞው ቀን የሚመረጠው በበዓላት ነው። ጥር 11 ቀን የሚከበረውና በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ጥምቀት፣ በማግስቱ የሚካኤል ታቦታት ወደ መንበራቸው የሚመለሱበት ቀንም ጭምር፣ አዲስ አበባን በዝማሬ ይሞላታል። በሌላ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ የመጀመሪያውን ቀን እንጦጦ ላይ ቢያውለው ነዳጅም ጊዜም ይቆጥባል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በነገሡባት እንጦጦ ማርያም፣ በበዓል ቀን መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ትይዩ ይቆማሉ፤ መቋሚያው ዝቅና ከፍ ይላል፤ ጸናጽሉ ይከተላል፤ ቀስ ብሎ የጀመረው ከበሮም እየፈጠነ ይሄዳል። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሰማ ጆሮ የወሎን ቅኝትና መንዙማ ለመስማት ይዘጋጃል። ባቲ የሚደረሰው ለሰኞ ቢሆን ይመረጣል፤ የታወቀው ገበያዋ የሚቆመው በዚያ ቀን ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ይህን ሁሉ ዕቅድ አስቸጋሪ አድርጎታል። መንገድ ሲዘጋ የኪራይ ቀን ይቆጠራል፣ መኪና አከራዩም መኪናውን ለመላክ ያመነታል። ስለዚህ ውሉ ላይ መንገድ ቢዘጋ ክፍያው እንዴት እንደሚታሰብ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ከመነሳት በፊትም በየዕለቱ ከመስመሩ ሾፌሮች መጠየቅ ያስፈልጋል። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ የእንጦጦውን ቀን ማራዘም እንጂ ወደ ደሴ መነሳት ተገቢ አይደለም።