በራዲዮ መስመር አጠገብ ስለሚቀረው ባዶ ቦታ
ዕቃ አስመጪዎች ከማዘዛቸው በፊት ሊመለከቱት የሚገባ

የካርድ መክፈያ መሣሪያ፣ የመኪና መከታተያ፣ የዋይፋይ ማሠራጫና ገመድ አልባ ድምፅ ማጉያ ዛሬ በየሱቁ ይገኛሉ። መልካቸው ልዩ ልዩ ቢሆንም በሁሉም ውስጥ መዳብ የተለበጠበት ሰሌዳ፣ በተለምዶ ቦርድ የሚባለው፣ አለ። ዕቃው ከሩቅ መስማቱ ወይም ከቅርብ መደንቆሩ በዚሁ ሰሌዳ ላይ መዳብ ከሌለበት ቦታ ጋር ብዙ ግንኙነት አለው።

መስመር በታተመበት ሰሌዳ የራዲዮ መቀበያ በመሥራት ስሙ የሚነሣው ኦስትሪያዊው ፓውል አይስለር ሲሆን፣ ይህንንም በ1936 እ.ኤ.አ. በሎንዶን አድርጎታል። በ1952 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ ማይክሮስትሪፕ የተባለው መስመር ታወቀ። ይህም ከላይ ቀጭን የመዳብ መስመር፣ ከመካከል ማገጃ፣ ከሥር ያልተቆራረጠ የመዳብ ንጣፍ ያለው ነው።

የዚህ መስመር መከላከያ ልክ በአብዛኛው 50 ኦም ነው። ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር በሆነ ተራ የፋይበርግላስ ሰሌዳ ላይ የመስመሩ ስፋት ወደ 3 ሚሊሜትር ሲሆን ልኩ ይገኛል። ነገር ግን ሠሪው የተረፈውን ቦታ በመዳብ ሞልቶ ወደ መስመሩ ያስጠጋው እንደ ሆነ፣ ልኩ ከ50 ኦም ይወርድና ከኃይሉ ከፊሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ስለዚህ መሐንዲሶች የመስመሩን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ባዶ ቦታ መተውን ልማድ አድርገዋል። መዳቡ መቅረብ ግድ ከሆነ አስቀድሞ በስሌት መግባት፣ ከሥሩም ንጣፍ ጋር በብዙ ቀዳዳዎች መያያዝ አለበት።

በአንቴናው ዙሪያ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ በዚያ በሰሌዳው በየትኛውም ድርብ መዳብ ሊኖር አይገባም። በሻንግሃይ የሚገኘው ኤስፕሬሲፍ ኩባንያ ለዋይፋይ ክፍሎቹ ገዢዎች በአንቴናው ዙሪያ ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ነጻ እንዲሆን ይመክራል።

ይህ ነገር የነጋዴውን ካፒታል የሚነካው እንዲህ ነው። ናሙናው መልካም ሆኖ ይታያል፤ በኋላ ግን ፋብሪካው ሰሌዳውን ሲያሳጥር ወይም ባትሪውን ሲለውጥ መዳብ ወደ አንቴናው ይጠጋል። ዕቃው በሱቅ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ይሠራል፤ በደንበኛው ቤት አንድ ግድግዳ ሲያልፍ ግን ይደክማል። ገዢው ዕቃውን ሲመልስ ገንዘቡ ለፋብሪካው ተከፍሎ አልቋል።

ስለዚህ አስመጪው ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ሰሌዳው እንዳይለወጥ በውሉ ውስጥ ቢያስገባ፣ ከአንቴናው የሚመለሰው ኃይል ከአሥር እጅ አንዱን እንዳይበልጥ የመለኪያ ወረቀት ቢጠይቅ፣ ናሙናውንና የመጣውን ዕቃ በአንድ ርቀት ቢያስተያይ ይጠቀማል። አረንጓዴ ሰሌዳ በብርሃን ፊት ሲያዝ መዳብ የሌለበት ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፤ በአንቴናው ዙሪያ ጨለማ ከታየ ፋብሪካውን መጠየቅ ይገባል።

ባለሱቁም የብረት መደርደሪያና የብረት ምልክት ከአንቴናው ያርቅ፤ ብረትም እንደ መዳቡ ሞገዱን ያውካልና። በሰሌዳ ላይ የተተወ ጥቂት ሚሊሜትር ባዶ ቦታ እንደ ብክነት ቢታይም፣ የዕቃው ዋጋ የሚጠበቀው በእርሱ ነው።