የጉልበት ሕመምና ቀዶ ሕክምና፦ ከመወሰናችን በፊት ልናውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች



እንደ እብናት ዳገትና ቁልቁለት በሚበዛበት አገር፣ ዕድሜያቸውን በእርሻና በሸክም ያሳለፉ አባቶችና እናቶች ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቆመው ይሰግዳሉ፤ ሱጁድ ላይ ግን ጉልበቱ አልታዘዝ ይላል። «ቀዶ ሕክምና» የሚል ቃል ሲሰማ ቤተሰብ ይጨነቃል፤ በሬው ይሸጥ ወይስ በዱዓ ይቆይ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም መክረውናልና ዱዓና ሕክምና አይጋጩም። ጥያቄው የትኛው ሕክምና፣ መቼ የሚለው ነው።

እብጠቱ ከየት መጣ?

ብዙ ጊዜ «ቁርጥማት» የምንለው የጉልበት አርትራይተስ፣ የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ነው። የተቆጣው መገጣጠሚያ ፈሳሽ ያበዛል፤ ፈሳሹም ወደ ኋላ ተገፍቶ ቋንጃ ላይ ይቋጥራል። ሐኪሞች ይህን እብጠት «የቤከር ሲስት» ይሉታል። እንግዲህ እብጠቱ የችግሩ ምልክት እንጂ ምንጩ አይደለም። መገጣጠሚያው ሳይታከም እብጠቱ ብቻ ቢመጠጥ ወይም ቢወጣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። በምላጭ ማስበጣት ወይም ባልጸዳ ዕቃ ዋግምት ማድረግ ደግሞ ቁስሉን ሊያመረቅዘው ይችላል።

ባት በድንገት ካበጠና ካመመ፣ ሲስቱ ፈንድቶ ወይም ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ ግሎ ትኩሳት ከመጣም መመርቀዝ ያሠጋል። በሁለቱም ጊዜ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

በቅድሚያ የሚሞከረው

ክብደት ለበዛበት ሰው፣ ከሰውነቱ የሚቀንሰው እያንዳንዱ 1 ኪሎ በእርምጃው ሁሉ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያቃልላል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማቆየት የታፋን ጡንቻ ያጠነክራል። ምርኩዝ ደግሞ የሚያዘው ካልታመመው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሚዋጡ ማስታገሻዎች ጨጓራንና ኩላሊትን ስለሚጎዱ ከሐኪም ጋር ተማክሮ፣ በረመዷንም ከኢፍጣር በኋላ ምግብ ተበልቶ ይወሰዳሉ።

የትኛው ቀዶ ሕክምና?

በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ መገጣጠሚያን ማጠብ ለአርትራይተስ አይመከርም። በአሜሪካ ሂዩስተን በ180 ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ጉልበታቸው የታጠበላቸው ሰዎች ቆዳቸው ብቻ ተቆርጦ ከተሰፋላቸው የተሻለ እፎይታ እንዳላገኙ አሳይቷል።

የተበላውን መገጣጠሚያ በብረትና በፕላስቲክ መቀየር ግን ሌላ ነው። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳና መራመድ ሲከለክል ብዙዎችን ያሳርፋል። ውሳኔው በራጅ ብቻ አይደረግም፤ ራጁ የከፋ ሆኖ ደህና የሚራመድ ሰው አለ። ከተቀየረላቸው 5 ሰዎች 1 ያህሉ በውጤቱ እንደማይረኩም ማወቅ ይገባል።

ሱጁድን በተመለከተ

ብዙዎች ቀዶ ሕክምናን የሚመኙት እንደ ድሮው ሱጁድ ለማድረግ ነው። ነገር ግን የተቀየረ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፤ መንበርከክና ቁጢጥ ማለት ሊያስቸግር ይችላል። ሸሪዓችን ደግሞ አላስጨነቀንም። በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲስ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለታመመው ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) መቆም ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያንንም ካልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ፈቅደውለታል። ስለዚህ ለሱጁድ ሲባል ብቻ ቀዶ ሕክምና መግባት ግዴታ አይደለም። ወንበር ላይ ስለመስገድ ዝርዝሩን የአካባቢያችንን ዑለማ እንጠይቅ።

ጉዞውና ወጪው

ከእብናት የሚነሳ ሕመምተኛ በሪፈር ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም እንደ ሁኔታው ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት የሪፈር ወረቀት ሳይዙ መሄድ የለባቸውም፤ መድኅኑ ምን ያህሉን እንደሚሸፍንም አስቀድመው ይጠይቁ።

ሐኪሙንም ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ ሕመሜ በእርግጥ ከመገጣጠሚያው ነው? ባልቀየረው ምን እሆናለሁ? ብቀየረው ጉልበቴ ምን ያህል ይታጠፋል? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለወራት የሚቀጥለውን የፊዚዮቴራፒ ልምምድ ማን እንደሚያግዝም ቤተሰብ አስቀድሞ ይመካከር። በሬው ከመሸጡ በፊት እነዚህ ጥያቄዎች ይመለሱ።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ አሚን።