የሕፃናት የነርቭ ነቀርሳና የሕዋሱ ምሰሶዎች

እኔ በቤተ ሙከራ የምሠራ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይሁንና በቅርቡ አንዲት አገር ልጅ፣ «ወንድሜ፣ መድኃኒቱ የልጄን ነቀርሳ እያጠፋለት ነው ይሉኛል፤ ታዲያ ለምን እግሩን ይጎትታል? ደረጃ መውጣትስ ለምን አቃተው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የብዙ ወላጆች ስለሆነ መልሱን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

የልጁ ሕመም ኒውሮብላስቶማ ይባላል። በፅንስነት ዘመን ወደ ነርቭ ሕዋስነት ማደግ ጀምረው ሳይበስሉ ከቀሩ ሕዋሳት የሚነሣ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ይይዛል።

ማንኛውም ሕዋሳችን እንደ ቤት ምሰሶና ማገር አለው። ከነዚህ አንዱ ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን የሚሠራው ማይክሮቱቡል ነው፤ ውፍረቱ 25 ናኖሜትር ያህል የሆነ ቱቦ። ነገር ግን እንደ ጎጆ ማገር አንዴ ታስሮ የሚቀር አይደለም፤ ያለማቋረጥ ይገነባል፣ ይፈርሳል። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞችን የሚያከፋፍሉት እነዚህ ቱቦዎች ናቸው።

ለዚህ ነቀርሳ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ቪንክሪስቲን የሚመታው ይህንኑ ነው። መገኛው የማዳጋስካር አበባ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከቱቡሊን ጋር ተጣብቆ ቱቦው እንዳይገነባ ያግዳል፤ በመከፈል ላይ ያለው የነቀርሳ ሕዋስም መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ይሞታል።

ችግሩ ጤነኛው ነርቭም በዚሁ ፕሮቲን የሚኖር መሆኑ ነው። ነርቭ ባይከፈልም የሚያስፈልገውን ሁሉ እስከ ጫፉ የሚያጓጉዘው በማይክሮቱቡል ሐዲድ ላይ ነው። ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚዘልቀው ነርቭ ረጅሙ ስለሆነ፣ ሐዲዱ ሲበላሽ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ልጁ እግሩን የሚጎትተውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ልጁ ሲደናቀፍ፣ ሆዱ ሲደርቅ፣ መንጋጋውን ሲያመው ወይም ጣቶቹ ሲደነዝዙ «ያልፍለታል» ብላ ዝም እንዳትል መከርኋት። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ፊዚዮቴራፒ ሊያዝ ይችላል። በራስ ፈቃድ ግን መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም። ኢትራኮናዞልን የመሳሰሉ የፈንገስ መድኃኒቶች ጉዳቱን ስለሚያባብሱ፣ ልጁ የሚወስደውን ሁሉ መንገር ያስፈልጋል። በዘር የሚወረስ የነርቭ ሕመም ካለም እንዲሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

ሕክምናው ካበቃ በኋላ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፤ የሚቆይባቸውም አሉ። ያቺ እናት ይህን ስትሰማ፣ «እንግዲያው መድኃኒቱ አልከዳንም ማለት ነው» አለችኝ። አልከዳቸውም፤ ጠላትና ወዳጅ በአንድ ምሰሶ ላይ ቆመው ስላገኛቸው ነው።