ለይፋት ቆላ መንገድ የሚሆን የኤሌክትሪክ ራዲያተር ማራገቢያ እንዴት ይመረጣል?

ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሸዋ ሮቢት ከተማና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎችን ከሚፈታተኑ ብልሽቶች አንዱ የሞተር ከመጠን በላይ መሞቅ ነው። ለዚህም በቀላሉ የሚታሰበው መፍትሔ በራዲያተሩ ላይ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ መግጠም ነው። ይሁን እንጂ በግዥ መጠየቂያው ላይ «የራዲያተር ፋን፣ 12 ቮልት፣ 1 ፍሬ» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ ተሽከርካሪው ግን በዚያው ዳገት ላይ መልሶ ሊቆም ይችላል።

ዳገቱ ቀላል አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ተሽከርካሪ በደብረ ሲና በኩል አልፎ 3 ሺህ ሜትርን ወደ ተሻገረው የጣርማ በር ተራራ ይወጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን እስከተቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ድረስ ያለው ርቀት ከ50 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ቢሆንም የሚወጣው ከፍታ ግን ከ1 ሺህ 800 ሜትር በላይ ነው። አሽከርካሪው ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፎ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ በሚያዘግምበት በዚህ ጉዞ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት ያወጣል፤ ከፊት ለፊት የሚገባው ነፋስ ግን አነስተኛ ነው። የማራገቢያ ጥቅም የሚለካው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ ከጋራዥ ወጪም ያለፈ ነው። ከቆላው ቀበሌዎች ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚላክ ሕሙም በአምቡላንስ የሚጓዘው በዚሁ ዳገት ነው። በወሊድ ላይ ያለች እናት የያዘ አምቡላንስ ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት እስኪበርድለት በመንገድ ዳር ሲቆም የሚባክነው ጊዜ በገንዘብ የሚተመን አይሆንም። በሌላ በኩል በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ የጣለ ሲሆን፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሏል። በመሆኑም በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ በአግባቡ ጠግኖ ማቆየት ከምንጊዜውም ይልቅ ትርጉም ያለው ሥራ ሆኗል።

በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ በጥቅሉ ሲሶው ያህል ወደ ጉልበት ሲለወጥ፣ ሲሶው በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ቀሪው ሲሶ ደግሞ በማቀዝቀዣው ውሃ ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ይደርሳል። ስለዚህ 30 ኪሎ ዋት ጉልበት እያወጣ ዳገት የሚወጣ አነስተኛ ሞተር ሌላ 30 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ለአየሩ ማስረከብ ይኖርበታል። አየሩ በራዲያተሩ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ይጨምራል ተብሎ ቢታሰብ በየሴኮንዱ 1 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል ማለት ነው። ሙቀቱ 35 ዲግሪ በደረሰበት ቀትር በሸዋ ሮቢት አንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ስለሚመዝን፣ ለዚህ ሞተር በሰዓት 3 ሺህ 600 ሜትር ኩብ የሚደርስ አየር በራዲያተሩ ማለፍ አለበት። 60 ኪሎ ዋት ለሚያወጣ ሞተር ቁጥሩ በእጥፍ ያድጋል።

ይህ ስሌት በሻጩ ወረቀት ላይ ከሚጻፈው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነገር ይገልጣል። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ማራገቢያ በሰዓት 3 ሺህ 400 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ያንቀሳቅሳል ተብሎ ሊቀርብ ይችላል። ሆኖም እንዲህ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ማራገቢያው ከፊቱ ምንም ሳይጋረጥበት ነው። ጥቅጥቅ ያለ ራዲያተርና የአየር ማቀዝቀዣ ኮንደንሰር ሲደረደሩበት በርካታው መጠን ይቀንሳል። አምራቹ በተወሰነ ግፊት ላይ የለካውን መጠን ካልገለጸ በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከማስታወቂያ የተሻለ ክብደት ሊሰጠው አይገባም።

ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ እየሳሳ መሄዱ እሙን ነው። ይሁንና የጣርማ በር ብርድ ለራዲያተሩ የሚያደርገው እገዛ የአየሩን መሳሳት በአብዛኛው ያካክሳል። በመሆኑም ለማራገቢያው እጅግ አስቸጋሪው ስፍራ የተራራው ጫፍ ሳይሆን ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ሲና ያለው ሞቃታማ የዳገቱ ክፍል ነው። ጫፉ ላይ የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው። በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ በሸዋ ሮቢት በ96፣ በጣርማ በር ደግሞ በ89 ወይም በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ደኅና ክዳን የመፍያውን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ካረጀና ግፊቱን ካፈሰሰ ግን፣ ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ በሚከፈት ሞተር ላይ እስከ መፍላት የሚቀረው ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ይህን ጉድለት ምንም ዓይነት ማራገቢያ አያስተካክለውም፤ ክዳን ግን ርካሽ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ከግዥ በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። መለያው አስቸጋሪ አይደለም። ተሽከርካሪው ከሸዋ ሮቢት በጀውሃና በሰንበቴ በኩል ወደ አጣዬ በሚወስደው ደልዳላ መንገድ በሰዓት 70 ወይም 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ የሚሞቅ ከሆነ ችግሩ የማራገቢያ አይደለም። በዚያ ፍጥነት ነፋሱ ራሱ በቂ በመሆኑ የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይከፈት ቴርሞስታት፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ ወይም የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መፈለግ ይገባል። በአንጻሩ በሰንበቴ የእሑድ ገበያ መካከል ሲያዘግም ወይም ቆሞ ሲጠብቅ የሚሞቅና መንገዱ ሲከፈትለት የሚበርድ ከሆነ የአየር እጥረት እንዳለበት ያሳያል። ያን ጊዜም ቢሆን አስቀድሞ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የተጠቀጠቀውን አቧራ፣ ገለባና ነፍሳት ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በዝግታ በሚረጭ ውሃ ማጠብ፣ የቺንጋውን መወጠርም ማየት ተገቢ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በብዛት የሚታዩት የናፍጣ ላንድክሩዘሮች፣ እንዲሁም በሕዝብ ማመላለሻና በጭነት አገልግሎት የሚታወቁት ሃይስና አይሱዙ ተሽከርካሪዎች ማራገቢያቸውን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ነው። በብዙዎቹም ላይ ቪስኮስ የሚባለው በሙቀት የሚያጠብቅ መገናኛ አለ። እንዲህ ያለው ማራገቢያ ሞተሩ ጉልበት ባወጣ መጠን ከዲናሞ ምንም ሳይጠይቅ ብዙ አየር ይስባል። ከላይ በተመለከተው ስሌት መሠረት ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣን የናፍጣ ሞተር በአንድ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ መተካት ለአደጋ መጋበዝ ነው። ጥቂት ነዳጅ ይቆጥባል በሚል ብቻ ቪስኮሱን አውልቆ መጣልም አይመከርም። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ማራገቢያው በእጅ ሲገፋ ያለ ምንም መያዝ የሚሽከረከር ከሆነ ያረጀው ቪስኮሱ ነው፤ መለወጥ ያለበትም እርሱው ነው።

የኤሌክትሪክ ማራገቢያ በእርግጥ ተገቢ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች አሉ። ቀዳሚው የተሽከርካሪው ሞተር በሌላ ዓይነት ሞተር ሲተካ ነው። አዲሱ ሞተር አጭር ወይም ዝቅ ያለ ሆኖ ማራገቢያው ከራዲያተሩ መሐል ሲርቅ ወይም ጨርሶ ቦታ ሲያጣ ሌላ አማራጭ አይኖርም። በአሜሪካ ሆት ሮድ እየተባሉ የሚጠሩት፣ በጥንታዊ አካል ላይ ጉልበተኛ ሞተር የሚገጠምላቸው መኪናዎችም ችግራቸው ይኸው ነው። ፎርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ያወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በመሞቅ የታወቀ በመሆኑ፣ የዚያ አገር ባለሙያዎች በማራገቢያ አመራረጥ ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። ሌሎቹ ሁኔታዎች ቤንዚን የሚጠቀሙ ቀላል አሮጌ አውቶሞቢሎችና ነባሩ ማራገቢያ እንዳለ ሆኖ ለአየር ማቀዝቀዣው ረዳት የሚፈለግባቸው ተሽከርካሪዎች ናቸው።

አመራረጡን በተመለከተ መጀመሪያ የሚለካው ራዲያተሩ ነው። ማራገቢያው የራዲያተሩን ገጽ በተቻለ መጠን የሚሸፍን መሆን ይኖርበታል፤ ወርዱ ሰፊ ለሆነ ራዲያተር ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ሁለት ማራገቢያዎች ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሊሻሉ ይችላሉ። ከስፋቱ የማይተናነስ ጠቀሜታ ያለው ደግሞ በጀርባ በኩል ራዲያተሩን ሙሉ በሙሉ የሚከብበው የላሜራ ወይም የፕላስቲክ አየር ሰብሳቢ ሽፋን ነው። ሽፋን የሌለው ማራገቢያ አየር የሚስበው በክቡ ልክ ካለው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ማዕዘኖቹ ያለ ሥራ ይቀራሉ። ለዚህም ነው ከአዲስ አበባ መርካቶ ሱማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና ላይ ከነሽፋኑ የሚገኝ የፋብሪካ ማራገቢያ፣ ማሸጊያው ከሚያብለጨልጭና ማንነቱ ከማይታወቅ አዲስ ዕቃ አንዳንዴ የሚመረጠው።

ቦታ እስካለ ድረስ ማራገቢያው ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ አየሩን ወደ ሞተሩ እንዲስብ ይደረጋል። ከፊት ሆኖ የሚገፋው ዓይነት ተሽከርካሪው በፍጥነት ሲሄድ የነፋሱን መግቢያ ስለሚጋርድ ለረዳትነት እንጂ ለብቸኛ ማራገቢያነት አይመከርም። በራዲያተሩ ክንፎች መካከል በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ መግጠምም በኮረኮንች መንገድ ላይ ራዲያተሩን እስከመብሳት ስለሚያደርስ በብረት ማቀፊያ ከአካሉ ጋር መታሰር ይኖርበታል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የኤሌክትሪክ ኃይሉ ጉዳይ ነው። ጠንካራ ማራገቢያ ከ20 እስከ 30 አምፔር ይወስዳል። የአሮጌ መኪና ዲናሞ 55 አምፔር የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚያመነጨው ከዚያ ግማሽ ገደማ ሊሆን ይችላል። 25 አምፔር ለማራገቢያው፣ 10 አምፔር ለፊት መብራቱ፣ ሌላው ለአየር ማቀዝቀዣው ሲታሰብ ልዩነቱ የሚሞላው ከባትሪው ነው። ባትሪው ሲደክም ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ማራገቢያው ይዘገያል፤ ሞተሩም እጅግ አየር በሚፈልግበት ሰዓት ያጣል። ስለሆነም የማራገቢያው ዋጋ ሲጠየቅ የዲናሞውም አቅም አብሮ መጠናት አለበት። ማራገቢያው ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ሁለትና ሦስት እጥፍ አምፔር የሚስብ በመሆኑ የራሱ ሪሌ፣ 40 አምፔር ገደማ የሚችል ፊውዝና ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው ሽቦ ያስፈልገዋል። በቀጭን ሽቦ ከቁልፉ መስመር ላይ መቀጠል ቃጠሎ የሚያስነሳ አሠራር ነው።

ማራገቢያውን የሚያስነሳው የሙቀት ማብሪያ ከቴርሞስታቱ መክፈቻ በላይ መሆን ይገባዋል። ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ የሚከፈት ከሆነ በ95 ዲግሪ አካባቢ አስነስቶ በ88 አካባቢ የሚያጠፋ ማብሪያ ተስማሚ ነው። ከዚያ ዝቅ ያለ ከተመረጠ በቆላ ሙቀት ማራገቢያው ፈጽሞ ሳያርፍ ሲዞር ይውላል። ከዚህ በተጨማሪ አሽከርካሪው በእጁ የሚያበራውና የሚያጠፋው ቁልፍ በዳሽቦርዱ ላይ ቢኖር መልካም ነው። ማብሪያው ሲበላሽ ለማስነሳት ብቻ ሳይሆን፣ ድልድይ በሌለባቸው የቆላው ወንዞች ውስጥ ሲታለፍ ለማጥፋትም ያገለግላል። በኃይል የሚዞር የፕላስቲክ ክንፍ ውሃ ሲመታው ወደ ራዲያተሩ ተለምጦ ሊሰብረው ይችላልና።

የግዥ መጠየቂያው እንግዲህ የራዲያተሩን ቁመትና ወርድ፣ ማራገቢያው ከኋላ የሚስብ መሆኑን፣ ሽፋኑን፣ በ13.5 ቮልት የሚወስደውን አምፔርና በግፊት የተለካ የአየር መጠኑን፣ እንዲሁም ሪሌውን፣ ፊውዙንና የሙቀት ማብሪያውን በአንድነት ሊይዝ ይገባል። በርክክብ ጊዜ የፊት መብራትና የአየር ማቀዝቀዣ በርቶ፣ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ማራገቢያው ሲሠራ በባትሪው ላይ የሚለካው ቮልቴጅ ከ13 በታች መውረድ የለበትም። ሽቦው ተገልብጦ ተቀጥሎ እንደሆነም በራዲያተሩ ፊት አንድ ወረቀት በማስጠጋት ይታወቃል፤ ወረቀቱ ተስቦ ከተለጠፈ ትክክል ነው፣ ወደ ውጭ ከተገፋ አየሩ የሚነፍሰው በተቃራኒው ነው። የመጨረሻው ሙከራ መደበኛውን ጭነት ይዞ በቀትር ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና መውጣት ሲሆን፣ ክፍያው ከዚህ ሙከራ በኋላ እንዲፈጸም በውሉ ላይ ማስፈር ይቻላል። በሙከራው ወቅት የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀይ ከተጠጋ የተሳፋሪ ክፍሉን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ጥግ መያዝ፣ ሞተሩንም ወዲያው ሳያጠፉ በዝግታ እንዲዞር መተው ይረዳል፤ ውሃው እየፈላ እንፋሎት ከወጣ ግን ሞተሩ ይጠፋል። የራዲያተሩ ክዳንም ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ በፍጹም አይነካም።