አሥራ ስምንት የሞላው ማን ነው?

ምርጫ በመጣ ቁጥር «ወጣቱ ለምን አይመዘገብም?» የሚለው ጥያቄም ይመጣል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጠባዩ ነው፤ ተስፋ ቆርጧል፣ ፖለቲካ ሰልችቶታል ይባላል። ሐሰት አይደለም። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የምዝገባ ጣቢያ ሲደርስ የሚጠየቀው ነገር ይመስለኛል።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለመራጭ የደነገገው ዕድሜ 21 ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የደነገገው 18 ነው። ዕድሜን ማስመስከር ግን ሌላ ጣጣ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ዕድሜ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ በእናቱ ትውስታ ነው፦ ጥምቀት ሰሞን፣ ዝናቡ በጠፋበት ዓመት። ስለዚህ የአገር ሽማግሌና የጎረቤት ምስክርነት የወረቀትን ቦታ ይይዛል። ያለ እሱ ብዙ ሰው ከመዝገቡ ውጭ ይቀር ነበር። «ለአካለ መጠን ያልደረሱ ተመዘገቡ» የሚለው አቤቱታ የሚገባበት አንዱ በርም ይኸው ነው።

ከተማ ላይ ደግሞ ጥያቄው አድራሻ ይሆናል። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ይጠይቃል። ወጣት ግን አንድ ቦታ አይረጋም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልትሠራ የሄደች፣ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል የተከራየች ልጅ የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከተወለደችበት ቀበሌ መሸኛ ታስመጣለች፤ አከራይዋም የተከራይ ስም ማስመዝገብ ላይወድ ይችላል። ስድስት ወሩን በርግጥ ኖራለች፤ በወረቀት ግን ገና እዚያው አገር ቤት ናት።

የመራጮች መዝገብ ለየምርጫው አዲስ ስለሚዘጋጅ፣ አንዴ የተመዘገበም ቢሆን ተመልሶ ይሰለፋል። በ2013 ምዝገባው መጀመሪያ ቀዝቅዞ ጊዜው ተራዝሞ ነበር፤ በመጨረሻ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ።

ያ ምርጫ በኮሮና ምክንያት ከነሐሴ 2012 ወደ ሰኔ 2013 መገፋቱ ብዙም ያልተወራ ውጤት አስከትሏል፤ በመሀሉ 18 የሞላቸው ወጣቶች አምስት ዓመት ከመጠበቅ ድነዋል። በትግራይ ግን በጦርነቱ ምክንያት ድምፅ አልተሰጠም፤ በዚያ ዓመት 18 የሞላቸው የክልሉ ልጆች የአገር አቀፍ ምርጫ ካርድ ሳይዙ ሃያን ተሻገሩ።