ጭረቱን ሁሉም አየ፣ መቆለፊያውን ማንም አላየ

አዲስ የገዛነው ሽጉጥ ከሳጥኑ ሲወጣ መጀመሪያ ዓይን የገባው ጭረቱ ነው። በእጀታው ግራ በኩል የጣት ጥፍር የምታህል ነጭ መስመር አለች። በወላይታ ሃላሌ በምንሠራበት የጥበቃ ክፍል የነበርነው አራት ሰዎች ተራ በተራ ጎንበስ ብለን አየናት። ገንዘብ ያዡ ተቆጣ፤ «በአዲስ ዋጋ አሮጌ ሸጡልን» አለ። ደረሰኙን አውጥቶ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበልን።

እኔ የጭረቷ ነገር አላሳሰበኝም። ሽጉጡን ተቀብዬ ካርታውን አወጣሁ፤ ካዝና የሚሉትም አሉ። የላይኛውን ብረት ስቤ ጥይት የሚጎርስበትን ቤት በዓይኔ አየሁ፣ በትንሿ ጣቴም ዳሰስኩ። ባዶ ነው። ከዚያ መቆለፊያውን በአውራ ጣቴ ገፋሁት። ደህና መቆለፊያ ቦታው ሲደርስ ቀጭ ይላል፤ ጣትም ጆሮም ያውቀዋል። ይኼ ግን ሄዶ ዝም አለ። ሽጉጡን በመዳፌ ላይ ትንሽ ነቅነቅ ሳደርገው መቆለፊያው ራሱ ተመልሶ ወረደ።

ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስ መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። መሣሪያ ማስረከብ፣ መረከብ፣ ማስወልወል፣ ቁጥር ማመሳከር ሥራዬ ነበር። እጄ ላይ ብዙ ያለፈው ማካሮቭ ነው፤ ባዶውን 730 ግራም የሚመዝን፣ በካርታው 8 ጥይት የሚይዝ የሶቪየት ሽጉጥ። ማካሮቭ ሲቆለፍ መዶሻው አብሮ ይወርዳል፤ መቆለፊያው ግን መዶሻው ጥይቱን ወደሚወጋው መርፌ እንዳይደርስ ይይዘዋል። አንድ ሽጉጥ ሲመለስልኝ ከሁሉ በፊት የማዳምጠው ያችን ድምፅ ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ለባልደረቦቼ የነገርኳቸውን ለአንባቢም ልንገር።

አዲስ ሽጉጥ ላይ የሚገኝ ጉድለት ሁሉ አንድ አይደለም። ጭረት፣ የቀለም መላጥ፣ የእጀታ ፕላስቲክ ላይ የቀረ የፋብሪካ ትርፍራፊ መልክን ነው የሚነካው፤ ሥራን አይነካም። ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅም ይሆናል፣ ሰው ግን አይገድልም። ሁለተኛው ጉድለት የሚመስል ግን ያልሆነ ነው። አዲስ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ዝገት እንዳይበላው በወፍራም ቅባት ይታሸጋል። ያ ቅባት ሳይጠረግ ሽጉጡን የሞከረ ሰው «ይይዛል፣ ይሰነቀራል» ብሎ ያማርራል። እንደ እኛ ወደ ኦሞ ሸለቆ በሚወርድ አገር ሙቀትና አቧራ ውስጥ ደግሞ ያ ቅባት አፈር ይዞ ጭቃ ይሆናል። መመሪያውን አንብቦ ጠርጎና በልኩ ዘይት ቀብቶ መሞከር ብዙውን ቅሬታ ያጠፋዋል። ሦስተኛው፣ መቆለፊያውን፣ ምላጩን፣ መዶሻውን፣ መርፌውንና አፈሙዙን የሚነካው፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢመስል ትንሽ አይደለም። ሻጩ በስልክ «ጥቃቅን ነገር ናት» ያለን ይህን ሦስተኛውን ነው።

ጥቃቅን ያልሆነበትን ምክንያት ለማየት ከቢሯችን መውጣት በቂ ነበር። ጥበቃዎቻችን ሥራ የሚዞሩት በሞተር ሳይክል ነው። መንገዱ ቁልቁለትና ኮረኮንች ነው። ያን ሽጉጥ ወገቡ ላይ የታጠቀ ልጅ እቤቱ ቆልፎት ቢወጣ፣ ሥራ ቦታው ሲደርስ መቆለፊያው ወርዶ ያገኘዋል። እሱ ግን እንደተቆለፈ ነው የሚያምነው። ላልቶ የሚከፈት መቆለፊያ ጭራሽ መቆለፊያ ከሌለው ሽጉጥ ይልቅ የሚያስፈራኝ በዚህ ነው፤ የሌለው ሰው ይጠነቀቃል።

ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ወጣትና ቅን ልጅ፣ «ጋሼ፣ ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደን? ገበያ ያለው ቀጥቃጭ በሞረድ ነካ ያደርግልናል» አለኝ። ሐሳቡ ከመጥፎ ልብ የመጣ አይደለም። በወላይታ ወጋጪያ የምንላቸው ቀጥቃጮች ዶማችንን፣ ማጭዳችንንና ቢላችንን ሠርተው ያኖሩን ሰዎች ናቸው። እጃቸውን እየተጠቀምን ራሳቸውን ስንንቅ መኖራችን የሚያሳፍር ታሪካችን ነው፤ እኔ ሙያቸውን አከብራለሁ። ዶማ ግን ቢሳሳ ተመልሶ እሳት ይገባል። የሽጉጥ ጥቃቅን ብረቶች ብዙዎቹ ላያቸው ብቻ የጠነከረ ነው፤ ውስጣቸው ለስለስ ያለ ሆኖ ላዩ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል። ሞረድ ያንን ቅርፊት ይልጠዋል። ከዚያ ለጥቂት ቀን ደህና ይመስላል፣ ቀጭ ይላል። ከስሩ የወጣው ለስላሳ ብረት ግን ቶሎ ይበላል፤ መቆለፊያውም ከመጀመሪያው ይብሳል። በሌላ በኩል አንዴ ሞረድ የነካውን ዕቃ ሻጭ መልሶ አይቀበልም። «ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ» ቢለን ምን እንመልሳለን?

አገራችን በመሣሪያ ጉድለት የከፈለችው ዋጋ አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን ይዘው መድፍ ሲያስቀልጡ የመጀመሪያ ሙከራቸው ከሽፎባቸዋል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 አሮጌ በሚባለው ቦታ በተደረገው ውጊያ ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ፤ ከልኩ በላይ ጎርሶ ነበር። ሦስት ቀን ቆይተው ንጉሡ ሕይወታቸውን ያጠፉት ደግሞ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ነው። እኛ የምናስታውሰው ጀግንነቱን ነው፤ እኔ የግምጃ ቤት ሰው ስለሆንኩ የፈነዳው መድፍ አጠገብ የቆሙትን ሰዎች ጭምር አስባለሁ።

በአያቶቻችን ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ቤልጅግ ጠመንጃ ያየ ሰው ብረቱ ላይ የተመቱ ጥቃቅን ምልክቶችን ያስታውስ ይሆናል። ጌጥ አይደሉም፤ መሣሪያው ተፈትኖ የማለፉ ምስክር ናቸው። በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ ከ1672 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመሣሪያ መፈተኛ ቤት አለ። አፈሙዝ ሁሉ ከተለመደው በበረታ ባሩድ ይተኮስበታል፤ ካልተሰነጠቀና ካላበጠ ማኅተም ይመታበታል። አዲስ ሽጉጥ የሚረከብ ሰው ከመለያ ቁጥሩ ቀጥሎ ሊፈልገው የሚገባው ይህን ዓይነት ምልክት ነው። ማኅተሙ ግን የሚመሰክረው ለአፈሙዙ ጥንካሬ እንጂ ለመቆለፊያው አይደለም። የእኛው ሽጉጥም ማኅተም ነበረው።

የታወቁት ፋብሪካዎችም ከዚህ አያመልጡም። ሲግ ሳወር የሚባለው ኩባንያ ፒ 320 የተባለውን ሽጉጡን የአሜሪካ ጦር በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) መረጠለት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሽጉጡ በአንዳንድ አወዳደቅ መሬት ሲመታ ሳይነካ ሊተኩስ እንደሚችል ታየ፤ ኩባንያው ለገዢዎች በነፃ የማሻሻያ ጥገና ማድረግ ጀመረ። ከተለወጡት ክፍሎች አንዱ ምላጩ ነው፤ ቀለል ያለ ምላጭ ተገጠመ። ያ ሁሉ ሥራ የተሠራው በፋብሪካ እጅ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ገዢውንም ዝም አይለውም። በቁጥር 2291 ዕቃውን ወዲያው መመርመር፣ በቁጥር 2292 ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ለግሉ የገዛ ሰው ጉድለት ካገኘ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እኛ ለድርጅት ስለገዛን የያዝነው የፍትሐ ብሔሩን ነው። በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ፦ የተገዛበት ቀን፣ የመለያ ቁጥሩ፣ ጉድለቱ ምን እንደሆነ፣ መቼና በማን ፊት እንደታየ። ጭረቷንም ጨመርኩ፤ ገንዘብ ያዡ ደስ ይበለው ብዬ አይደለም፣ ያዩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ መጻፍ ስለሚሻል ነው። በቃል የተነገረ ቅሬታ ጠፊ ነው።

ሽጉጥ ግን ራዲዮ አይደለም፤ በፌስታል ይዘውት ሻጭ ጋ አይሄዱም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና መጠገንን ከፈቃድ ጋር አስሮታል። ፈቃዱ ላይ የሰፈረው የዚያ የአንዱ ሽጉጥ መለያ ቁጥር ነው። ሻጩ በቅንነት «ይኸው ሌላ ውሰድ» ቢልና ተቀብላችሁ ብትመጡ፣ ኪሳችሁ ያለው ወረቀትና ወገባችሁ ላይ ያለው ብረት አይገናኙም። ኬላ ላይ የሚጠይቃችሁ ፖሊስ የሚያየው ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሄድኩት ፖሊስ ጋ ነው። ሽጉጡ ለለውጥ የሚጓዝ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ተጻፈልን። ከሃላሌ በበሌ በኩል ሶዶ፣ ከሶዶ አዲስ አበባ የተጓዝነው ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በሳጥኑ፣ ጥይቱ ለብቻው ተይዞ ነው።

መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን አንድ ነገር እዚሁ ልናገር። ምላጩ ተስቦ ጥይት ከከሸፈ አፈሙዙን ወደ ራስ አዙሮ ማየት አይደረግም፤ ይህን ያደረገ ሰው ቀብሬያለሁ። አንዳንድ ጥይት ዘግይቶ ይነሳል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንደያዙ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያ ካርታውን አውጥቶ ጥይቱን ማስወጣት ነው። ድምፁ ከወትሮው ደከም ብሎ ፍስስ ካለ ደግሞ ሁለተኛ መተኮስ የለም፤ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀጣዩ ጥይት ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። እንዲህ ሲደጋገም ጉድለቱ የጥይቱ ይሁን የካርታው ወይስ የሽጉጡ ለማወቅ ባለሙያ አንድ በአንድ ይለዋውጣል። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሻጩ መጀመሪያ ላይ ተከራከረን። ደብዳቤውን ሲያይ ግን ሽጉጡን ለባለሙያው ሰጠው፤ ባለሙያው መቆለፊያውን የሚይዘው ትንሽ ሞላ ከፋብሪካው አጥሮ እንደተቆረጠ በእጃችን ላይ አሳየን። ስንዴ ፍሬ አይበልጥም። ሽጉጡ ተለወጠልን። ዋናው ፈተና የነበረው ትዕግሥት ነው፤ የአዲሱ ቁጥር ፈቃድ ላይ እስኪሰፍር ድረስ ሳጥኑ በብረት ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ስድስት ሳምንት ቆየ። በእነዚያ ሳምንታት ያ ወጣት ጥበቃ ያለ ሽጉጥ ሠራ፤ ምንም አልጎደለበትም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሲረከብ ካርታውን ያወጣል፣ የላይኛውን ብረት ይስባል፣ ቤቱን በጣቱ ይዳስሳል፣ መቆለፊያውን ገፍቶ ያዳምጣል። በሕግ ፈቃድ ተሰጥቷችሁ ሽጉጥ የያዛችሁ አንባቢዎች፣ ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ ይህንኑ አድርጉ። ቀጭ ካላለ ነገ ጠዋት ፖሊስ ጋ ሂዱ፤ ሞረድ አታንሱ።